ስንት ይጎርሳል?

አማርኛ ስለ ጦር መሣሪያ ሲያወራ ማዕድ ማዕድ ይሸታል። ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ያጎርሰዋል። አምስት ጥይት የሚይዘው «አምስት ጎራሽ»፣ ስምንት የሚይዘው «ስምንት ጎራሽ» ይባላል። የአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ ሲተረክ እንኳ ሰው «ራሳቸውን ተኩሰው ገደሉ» ከሚል ይልቅ «ሽጉጣቸውን ጠጡ» ማለት ይቀናዋል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን እያነሣሁ «ብረት እንደ ሙሽራ የሚጎርስበት ሌላ ቋንቋ አምጡልኝ» እያልኩ ተማሪዎቼን አስቸግር ነበር። እስካሁን ያመጣልኝ የለም።

«ሽጉጥ» የሚለውም ቃል የራሱ ወግ አለው። ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በመቀነት ሥር፣ በብብት፣ በካፖርት ውስጥ የሚሸጎጥ ማለት ነው። እንግዲህ «ሃያ ጎራሽ ሽጉጥ» ስንል ሁለት የማይስማሙ ቃላት አጋባን ማለት ነው። ብዙ የሚጎርስ ነገር ሆዱ ወይ ይሰፋል ወይ ይረዝማል፤ ሆዱ የተነፋ ደግሞ አይሸጎጥም። የሽጉጥ ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉ የኖሩት ከዚህችው ጠብ ጋር ነው።

አገራችን ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይጎርሳል?» የሚለው ነው። የሠርግ ድንኳን ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ገበያ መንገድ ላይም ሰምቼዋለሁ። የታሪክ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ግን እኛን ሲያድነንም ሲጎዳንም የኖረው ሌላ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እሱም «ይገጥማል ወይ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ እኔ መጽሐፍ ውስጥ መፈለግ አልነበረብኝም። የምኖረው አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። እዚህ ሰፈር ከአዛኑ ቀጥሎ ብዙ የሚሰማው ድምፅ «ይገጥማል?» የሚለው ነው። የሞባይል ባትሪ፣ የቧንቧ ክር፣ የቡታጋዝ ራስ፣ የልብስ ስፌት መኪና መዘውር፣ ሁሉም በዚህ ጥያቄ ይሸጣል። ገዢው አሮጌውን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፤ ሻጩ አዲሱን አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ነው። ደፈር ያለ ነጋዴ «አልገጥምም ካለ እናስገጥመዋለን!» ይላል። ምናለሽ ተራ ሞረድ አይጠፋማ! ካዝናም እዚህ ይሸጣል። የገንዘቡን ማለቴ ነው። የጥይቱንም ማጎሪያ ወታደሩ ካዝና ብሎ መጥራቱ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚህ አገር ጥይት ገንዘብ ሆኖ ያውቃል።

ቀልዴን አይደለም። መርካቶ የዛሬውን ቦታዋን የያዘችው ኢጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደዚህ ሲያመጡትና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ሲሉት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በአራዳው ገበያ፣ በጊዮርጊስ ሥር፣ ከማሩና ከቅቤው ጋር ጠመንጃና ጥይት ይሸጥ ነበር። በምኒልክ ዘመን ደግሞ ጥይት ራሱ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንንሽ ዕቃ ሲከብድ በጥይት ይዘረዘራል። ከሁሉም የተወደደው የውጅግራ ጥይት ነበር። ለምን ቢሉ፣ ውጅግራ በብዙ ሰው እጅ ስለነበረ ነው። ለሰው ሁሉ ጠመንጃ የሚገጥም ጥይት በሰው ሁሉ ዘንድ ይመነዘራል። የማይገጥም ጥይት ግን የማይሠራ ሳንቲም ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ገንዘብ የሚሉትን ሁሉ የአራዳ ባለ ጉልት በአንድ ቀለህ ታስረዳችሁ ነበር።

መቼም የቃል ነገር ከተነሣ አልፌ መሄድ አይሆንልኝም። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ብቻ የሚጎርስ። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ለበን ሌበል፣ አልቢን አልቢኒ፣ ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያው ማንሊኸር። አያቶቻችን የባዕዱን ስም ሁሉ አላምጠው ዋጡት። ስሙን መዋጥ ቀላል ነው። ጥይቱ ነው አልዋጥ ያለው። አንዱ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ አንዱ አሥር ከምናምን፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ስድስት ተኩል፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን እናት ጡት ብቻ የሚያውቅ ጥጃ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን መድፍ ካልሠራችሁ ብለው ያስጨነቁት፣ ዕቃ ለምኖ የሚኖር ዕቃውን የሚያበላውንም ለምኖ እንደሚኖር ስላወቁ ይመስለኛል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የእንግሊዝ ጦር ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ይዞ መጣ። የእሳቸው ሰው ከአፈሙዙ ባሩድ እየጠቀጠቀ አንድ ጊዜ እስኪተኩስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ መጣ በሚባለው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ስጦታው ጎርሶ ነበር፤ ገጥሞም ነበር።

ከዚያ በኋላ መሣሪያ በሁለት መንገድ ገባ። አንደኛው ምርኮ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ ሬሚንግተን ከነጥይቱ ማረኩ። «ከነጥይቱ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ ምርኮ ከግዢ የሚሻለው በዚህ ነው። የሞተው ወታደር ጠመንጃውንም፣ ለጠመንጃው የሚገጥመውንም ዝናር አብሮ ይዞ ነው የሚወድቀው። ሁለተኛው ንግድ ነው። በ1879 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ ገጣሚ፣ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ዘመን ያለፈባቸው ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። አርተር ራምቦ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን ቆርጠው ቆርጠው ገጣሚውን አራቁተው ሰደዱት። ተማሪዎቼ ራምቦን ሲያደንቁ ይህን እነግራቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል። እኔ ግን ያቺን ክርክር ባያት ደስ ባለኝ። አንዋር መስጊድ በር ላይ በየቀኑ የማያትን የመሰለች ትሆናለች።

የኢጣልያን ነገር እንይ። ምኒልክን ወዳጅ ለማድረግ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በአንቶኔሊ በኩል 5,000 ሬሚንግተን ቃል ገባች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ብድርም መሣሪያም ተከተለ። አንቀጽ 17 ያመጣው ጣጣ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። ደጋግሞ የሚገርመኝ ግን የ1885 ዓ.ም. ነገር ነው። ኢጣልያ በዚያ ዓመት 2 ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው በዚያው የካቲት ወር ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ሰውዬው ምን ያህል ትዕግሥተኛ እንደነበሩ ከዚህ ይታወቃል። ጠመንጃ የሰጠህ ሰው ጥይቱን ይዞ እስከቀረ ድረስ ጌታህ ነው። ጥይቱን ካስረከበህ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

አሁን ወደ ዐድዋ፤ ከዐድዋም ወደ አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን ልውሰዳችሁ። የኢጣልያ ጦር ቬተርሊ የሚባል የ1870 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ነበረው፤ አንድ ጎራሽ ነው። ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ ብዙ ጎራሽ ሲሄዱ ኢጣልያ አዲስ ለመግዛት አቅሙ አልነበራትምና ቪታሊ የሚባል የመድፈኛ መኮንን መላ አመጣ። የጠመንጃው ሆድ ተቀደደ፤ አራት ጥይት የምትይዝ ሳጥን ተሰካችበት። በ1887 እ.ኤ.አ. አንድ ጎራሹ አራት ጎራሽ ሆነ። የእኛ ምናለሽ ተራ የሚሠራውን ሥራ ነው የሮም መንግሥት የሠራው። ሥራው ደግሞ መጥፎ አልነበረም፤ ያው ጠመንጃ፣ ያው 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ሆዱ ብቻ ሰፋ።

ታዲያ በ1891 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ አወጣች። ስድስት ጎራሽ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስ። ጭሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአሮጌው ባሩድ የተኮሰ ወታደር በራሱ ጭስ ይታወራል፣ ያለበትንም ለጠላት ያሳያል። ይህ አዲስ ጠመንጃ ወደ ዐድዋ ለሚዘምተው ጦር ይሰጣል ተብሎ ሲጠበቅ ባራቲየሪ ቬተርሊውን ይዘው እንዲሄዱ አዘዘ። ምክንያቱ? መጋዘን ውስጥ የአሮጌው ጥይት ክምችት ነበረና እሱ ይለቅ ተባለ! አምስት ዓመት የቀደመ የተሻለ ጠመንጃ እያላቸው፣ ጥይት እንዳይባክን ብለው ጦራቸውን አባከኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከሰዓት በፊት ያ ሁሉ ሒሳብ አበቃ። ቬተርሊውም ከነሳጥኑ፣ ከነጥይቱ ለእኛ ሆነ።

ዐድዋን በጥይት ሳጥን ብቻ የሚተርክ ሰው ከተነሣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። የሰው ብዛት አለ፣ የመሬቱ ዕውቀት አለ፣ የጣይቱ ምክር አለ፣ ስንቁ አለ። ነገር ግን ከጦርነቱ ገድል ውስጥ ይህቺ የመጋዘን ጸሐፊ ሒሳብ እንድትጠፋ አልፈልግም።

ብዙ መጉረስ ደግሞ ያኔም ቢሆን ሁሉን ያስማማ አልነበረም። የአውሮፓ ጄኔራሎች ለወታደር ብዙ ጎራሽ ከሰጠነው በደንገጥ ጊዜ እያንጣጣ ይጨርሰዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ስለዚህ በለበንም፣ በእንግሊዙ ሊ-ሜትፎርድም ላይ ሆዱን የሚቆልፍ ትንሽ መዝጊያ አደረጉበት። ወታደሩ አንድ አንድ እያጎረሰ ይተኩስ፤ በሆዱ ያለው ስምንቱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ዛሬ ለሰሚው ያስቃል፤ የከፈልክበትን ሳጥን በቁልፍ መዝጋት! ግን የእኛ ገበሬ ያለ መዝጊያም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። አንዲት ጥይት የአንድ ሳምንት ገበያ ናት። ቀለሁን ሳይቀር ከሣር ውስጥ ፈልጎ ያነሣል፤ ባለ እጅ በአገር ባሩድ ይሞላለታል። በዐድዋ ዘመን በነበሩ ተዋጊዎች ዘንድ ያለ ዒላማ መተኮስ ነውር ነበር ሲባል ጀግንነት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ የኪስ ጉዳይም ነው።

ከዐድዋ እስከ ማይጨው 40 ዓመት ነው። በእነዚያ 40 ዓመታት ጠመንጃ በዛ፤ ዓይነቱም በዛ። መንግሥታቱ ደግሞ በር ላይ ቆሙ፤ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያና ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አገባብን የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ንጉሠ ነገሥቱ የቤልጅግ ሞዘር አስመጡ፤ «ቤልጅግ» ብለን የምንጠራው እሱ ነው፣ አምስት ጎራሽ። ግን ለክብር ዘበኛውና ለጥቂቱ እንጂ ለሁሉም አልደረሰም። ጦርነቱ በደጅ ሳለ መንግሥታቱ ለሁለቱም ወገን አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም መሆኑ ነው ግፉ! ኢጣልያ ፋብሪካ አላት፤ እኛ የለንም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው የተሰለፈው ሰው ከጎኑ የወደቀውን ወንድሙን ዝናር ሲፈታ ጥይቱ ለራሱ ጠመንጃ እንደማይሆን ያገኘዋል። አባቱ ዐድዋ የማረከውን የያዘ አለ፤ ለበን የያዘ አለ፤ ምንሽር የያዘ አለ፤ ቤልጅግ የያዘ አለ። የመርዙ ጋዝና አውሮፕላኑ ባይኖር እንኳ ይህ ራሱን የቻለ ሽንፈት ነበር።

አርበኞቹ መፍትሔውን ከዮሐንስ ዘመን መለሱት፤ የጠላትን ጠመንጃ ያዙ፣ የጠላትን ጥይት በሉ። ካርካኖ ላይ ግን አንድ ተንኮል ነበር። ስድስቱ ጥይት በቀጭን ቆርቆሮ ታስሮ እንዳለ ነው የሚገባው፤ እንደ ምንሽርም ማለት ነው። ቆርቆሮው ከጠፋ ስድስት ጎራሹ ተመልሶ አንድ ጎራሽ ይሆናል። አንድ አዛውንት አርበኛ በልጅነቴ ሲያወጉ ጥይቱን ከጨረሱ በኋላ ቆርቆሮውን እየለቀሙ በጥለት ቋጥረው ያኖሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

የኋላውን ቶሎ ልለፈው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈርሞ ሠራዊቱ ኤም ዋን ያዘ፤ ስምንት ጎራሽ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ተጣልቶ ወደ ሶቭየት ሲዞር፣ ሶማሊያ በደጃችን ቆማ፣ የአንድ ትልቅ ጦር ጥይት በአንድ ዓመት መቀየር ነበረበት። ጉዳዩን የሚያመሰው ቁጥሩ ነው። የኤም ዋንም ጥይት 7.62 ነው፤ የክላሽም 7.62 ነው። የመጀመሪያው ቀለህ 63 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስማቸው ሞክሼ፣ ቁመታቸው ሌላ። ክላሽ ዓለምን ያዳረሰው ርካሽ ስለሆነ ወይም ጭቃ ስለማይበግረው ብቻ አይመስለኝም። ከቡልጋሪያ የመጣው ካዝና በአብዛኛው ለቻይናው ይሆናል፤ የሩሲያው ለሩማንያው። 30 ጎራሽነቱ አንድ ነገር ነው፤ መግጠሙ ነው ንጉሥ ያደረገው። አገሪቱም በደርግ ዘመን አምቦ አካባቢ ሆሚቾን አቁማ ጥይት መሥራት ጀመረች። የቴዎድሮስ ሕልም ዘግይቶ ደረሰ ልበል? የክላሹ መሥሪያ ጋፋት ተብሎ መጠራቱን ሳስብ አንድ የታሪክ ተማሪ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደነበረ እገምታለሁ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ 7.62 ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ወታደሩ ተበትኖ፣ ተርቦ፣ ክላሹን በዳቦ ዋጋ ሲሸጥ ያላየ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። በግንቦት 27 ማለዳ የንፋስ ስልኩ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እኛም ሰፈር መስኮት ተንቀጥቅጧል። ስንት ሰው የበላ ፍንዳታ ነው። ያ ጥይት አንዱም ከጠመንጃ አፍ አልወጣም።

የጠመንጃው ነገር ይብቃና ወደ ሽጉጥ እንመለስ፤ «ይገጥማል» የሚለው ቃል በጣም የሚያታልለው እዚያ ነውና። እስቲ «9 ሚሊ» የሚለውን ቁጥር ውሰዱ። የኢጣልያው ቤሬታ የ1934ቱ 9 ሚሊ ነው፤ ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር። በደርግ ጊዜ በየመኮንኑና በየካድሬው ወገብ የነበረው ማካሮቭ 9 ሚሊ ነው፤ ቀለሁ 18። ብራውኒንግም 9 ሚሊ ነው፤ ቀለሁ 19። ሦስት ዘጠኞች፣ አንዱ በአንዱ አይተካም። ከሦስቱም የከፋ ደግሞ አለ። ኢጣልያኖች በ1910 እ.ኤ.አ. ግሊሴንቲ የሚባል ሽጉጥ ነበራቸው። ጥይቱ ከጀርመኑ ፓራቤሉም ጋር በመልክ በቁመት አንድ ነው፤ ባሩዱ ግን ደካማ፣ ሽጉጡም ለደካማ ባሩድ የተሠራ። ፓራቤሉሙን ብታጎርሰው ይጎርሳል። ይገጥማል። ሲተኮስ ግን ሽጉጡን ሊሰብረው፣ ብሶ ከመጣም የያዘውን እጅ ሊጎዳው ይችላል። መርካቶ ውስጥ «ገጠመ እኮ!» ብሎ እቃ የሚሸጥልኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ግሊሴንቲ ትዝ ይለኛል።

የመሸጎጥና የመጉረስን ጠብ ለማስታረቅ የሞከሩም አሉ። ዋናው ጆን ብራውኒንግ ነው። ሥራውን ጀምሮ በ1926 እ.ኤ.አ. ሊዬዥ ውስጥ ሞተ፤ ሴቭ የሚባል ባልደረባው ጨረሰውና በ1935 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጥይቶቹን አንድ ላይ አንድ ከመደርደር ጎን ለጎን እያዘናነፈ ደረደራቸው፤ 13 ጎራሽ ሆነ። እጀታው ግን ሰፋ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ኦስትሪያዊው ግሎክ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ትልቁን 17 ጎራሽ፣ አነስ ያለውን 15 ጎራሽ አደረገ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ሕግ አለ። የትልቁ ካዝና ለትንሹ ይገጥማል፤ ከእጀታው በታች ወጥቶ ይንጠለጠላል እንጂ ይሠራል። የትንሹ ግን ለትልቁ አይሆንም፤ ያጥረዋል፣ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ትንሹ ሽጉጥ ብዙ ሊጎርስ ይችላል፤ በጎረሰ ጊዜ ግን ትንሽነቱ ይቀራል፣ ሽጉጥነቱም ይቀራል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ለአንድ ጎረቤቴ ስል ነው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሐጂ የምንላቸው። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አላቸው፤ ስምንት ጎራሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱቃቸው በሌሊት ተሰብሮ ብዙ ጣቃ ተወሰደ፤ ዘበኛቸውም ራሱን ተመትቶ ሆስፒታል ሰነበተ። ያኔ ነው የእኅታቸው ልጅ፣ አንድ ደላላ 12 ጎራሽ የማካሮቭ ካዝና አገኛለሁ ብሎታል ብሎ የመጣው።

«አባባ፣ ስምንት ለምን ይበቃል? እነሱ እኮ በአራት በአምስት ሆነው ነው የሚመጡት!» አላቸው እኔ ባለሁበት።

«ይገጥማል ወይ?» አሉት።

«ባይገጥም ያስገጥሙታል።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ስታነብ ነው የምትውለው። እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። 12 ጎራሹ የሌላ ማካሮቭ ነው፤ ሩሲያኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ አሻሽለው የሠሩት፣ እጀታው የሰፋ። የእሱ ካዝና በአሮጌው ጠባብ እጀታ አይገባም። ለእሱ የተሠራው ጥይትም ኃይሉ ስለሚበዛ ለአሮጌው አይመከርም። ሞረድ የሚፈታው ነገር አይደለም። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ ዘበኛው ያኔም ራሱ እንደታሸገ ነበር፣ የልጁም ፍርሃት እውነተኛ ነው።

ሐጂ ሻያቸውን አማስለው ብዙ ዝም አሉ። «ይህን ሽጉጥ 20 ዓመት ይዤዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንድም ቀን አልተኮስኩም። ስምንቱን ጨርሼ ዘጠነኛ የሚያስፈልገኝ ቀን ከመጣ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ያን ጊዜ በሕይወት ያለሁ ይመስላችኋል?»

ልጁ «እኔ እተኩስሎታለሁ» አለ።

«አዎ» አሉት፣ «እሱን ነው የፈራሁት።»

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋሉ። በየኬላው በቦቴ፣ በጤፍ ጭነት፣ በመኪና ወንበር ውስጥ ተሸጉጦ የተያዘ ይነገራል። ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ይህን ያህል፣ ካዝና ይህን ያህል፣ ጥይት ይህን ያህል። ሐጂ ቁጥሮቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሽጉጡና ጥይቱ ተዘርዝሮ ካዝናው ሳይነገር ቀረና፣ ቅር እንዳላቸው ነጋዴ «ካዝናውስ?» አሉኝ። «ካዝናው በሌላ መኪና አልፏል ማለት ነው።»